ቃለ ጉባኤ ቁጥር ዐሥራ ሰባት

የካቲት፣ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣
በሰሜን ፖርቱጋል፣ በሳልጌይራል መንደር፣ በአሮጌው ትምህርት ቤት፣
ተማሪ ካጣ ዐሥር ዓመት ባለፈው ክፍል ውስጥ፣
ሃያ ሦስት ሰው ተሰበሰበ፣ በልጅ ወንበር ሊቀመጥ።
ጉልበታችን አገጫችንን ሊነካ፣ ካፖርት እንደለበስን፣
ሊቀመንበሩ ኦርላንዶ ደወሉን መታና፣ ጀመርን።

እኔ ጸሐፊ ነኝ። የተባለውን ሁሉ አልጽፍም፤
የተወሰነውን ነው። ዛሬ ግን ያ አልበቃኝም።

አጀንዳ አንድ፦ ከመንደሩ መግቢያ፣ ከወይራው ማሳ አጠገብ
አደባባይ እንዲሠራ፤ መሐሉ ፏፏቴ፣ ዙሪያው ክብ።
ሁለት መቶ ሰማንያ ሺህ ዩሮ።
«ጥያቄ?» አንድ ሰው ሳለ፤ ለካ ጉንፋን ይዞት ኖሮ።
እጆች ወጡ፤ የእኔም ወጣ። አራት ደቂቃ አልፈጀ፤
ኦርላንዶ «በሙሉ ድምፅ» ብሎ ዐወጀ።

አጀንዳ ሁለት፦ ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ የሚከፈተው ጤና ኬላ።
«ይደር» ተባለ። አደረ። ማንም አላነሣው ከዚያ በኋላ።

አጀንዳ ሦስት፦ አንድ አግዳሚ ወንበር። እንጨት፣ እግሩ ብረት።
ሁለት መቶ ዐሥር ዩሮ። የት ይቀመጥ? የት?

ትልቅ ገንዘብ ሩቅ አገር ነው፤ ማንም ሄዶ አላየውም፤
ሁለት መቶ ዐሥር ግን ጎረቤት ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል በስም።

ክፍሉ ሞቀ። ዴኦሊንዳ ተነሣች፤ «ከመስኮቴ ሥር? እኔ ሞቼ ነው!
ጎረምሳ ሊያመሽበት፣ ሊያጨስበት?» ጎረምሳ የቱ ነው?
የመንደሩ ትንሹ ጎረምሳ አርባ አንድ ዓመቱ ነው።
ቤልሚሮ አጉረመረመ፤ «የበለሴን ፍሬ ስትለቅም
ያኔ ድንበር አታውቅም፤ አሁን ለጥላው ዘብ ልትቆም?»

ነገሩ ወንበሩ አልነበረም። ነገሩ ዛፉ ነው፤
ሥሩ በእሱ ጓሮ፣ ጥላው በእሷ ደጅ፣ ፍሬው መሐል የወደቀው።
ዘጠኝ ዓመት ተኮራርፈዋል። በዘጠኝ ዓመት የተነጋገሩት
«አጥሩ» የሚል አንድ ቃል ነው፤ እሱንም በጠበቃ የላኩት።

አንዱ ቀለሙ አረንጓዴ ይሁን አለ፣ አንዱ ቡናማ፤
አዴሪቶ «የሟች ሚስቴ ስም ይቀረጽበት» አለ፤ ማን ሊሰማ!
ወንበር እንዲህ ነው፤ ሳይቀመጡበት የሚጣሉበት ይበዛል፤
ኦርላንዶ የራሱን ወንበር ያዝ አድርጎ፣ ሰዓቱን ያያል።

አራት ሰዓት ላይ ኢዳሊና እጇን አወጣች። ሰማንያ ስድስት ዓመቷ።
«ከቤቴ እስከ ጤና ኬላው ሦስት መቶ አርባ ርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።
ሁለት መቶ ላይ ጉልበቴ ይከዳኛል። እዚያ አኑሩልኝ፤ ዐርፌ እሄዳለሁ።»

ባትሪ ተያዘ። ሁላችንም ወጣን፣ በብርዱ፣ ከኋላዋ፤
«መቶ ዘጠና ስምንት... መቶ ዘጠና ዘጠኝ...» ቆመች በከዘራዋ።
ሁለት መቶኛው ርምጃ ከባዶው በለስ ሥር ወደቀ፣
ከዴኦሊንዳ መስኮት፣ ከቤልሚሮ አጥር፣ እኩል የራቀ።
ማንም አልተነፈሰም። «ጸድቋል» ብዬ ጻፍኩ፤
ጣቴ ደንዝዞ ፊደሉን አጣመምኩ።

መስከረም ላይ አደባባዩ ተመረቀ። ሪባን ተቆረጠ፤
ውሃው ግን ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ተቋረጠ።
የዳቦው መኪና ይዞረዋል፤ ከእሱ በቀር የሚዞረው ነፋስ።
ጤና ኬላው ማክሰኞም ተዘጋ፤ ወረቀት ተለጥፏል፤
«በጀት እስኪገኝ ድረስ።»

ኢዳሊና አሁንም ትወጣለች። ሁለት መቶ ትቆጥራለች፤
የቀረውን መቶ አርባ ለማን ትሂደው? ትቀመጣለች።
በአንዱ ዳር ዴኦሊንዳ፣ በሌላው ዳር ቤልሚሮ፤
አልታረቁም፤ እሷ መንገዱን ታያለች፣ እሱ ጓሮ።
መሐላቸው የወደቀ በለስ፣ በአሮጊቷ መሐረብ ላይ፤
ሁለቱም ይበላሉ፣ ማን የማንን እንደሚበላ ሳይለይ።

አንድ ቀን ጠራችኝ፤ «አንቺ ጸሐፊዋ፣ ቁጥር ታውቂያለሽ፤
ያ አደባባይ ቢመነዘር፣ ስንት ወንበር ይወጣዋል ትያለሽ?»
ከመዝገቡ ጠርዝ ላይ አካፈልኩ፦
አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሠላሳ ሦስት። ትራፊ፣ ሰባ ዩሮ።
በየርምጃዋ አንድ አንድ ቢተከል፣ ጤና ኬላውን አልፎ፣
ወንዙን ተሻግሮ ይሄዳል፣ እንደ ሰው ተሰልፎ።

አልነገርኳትም። ቤት ገብቼ ገጹን ገለጥኩ፤ «በሙሉ ድምፅ» የሚለውን
ደጋግሜ አነበብኩት፣ ከእጆቹ መሐል የእኔንም፣ ያወጣሁትን።

ያ በቀለም ነው የተጻፈ።
ስሌቴ በእርሳስ።